ቅዱስ ኒቆላዎስና የገና አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በታኅሣሥ ወር ከጣርማበር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ካፖርቱን ማውለቅ ነው። በዚህ በይፋት ቆላ ገና የሚከበረው ማሽላው ታጭዶ በሚወቃበት ወራት ሲሆን፣ ቀትር ላይ ጥላ የማይፈልግ ሰው የለም። በዚህ ሙቀት መካከል ነው እንግዲህ ወፍራም ቀይ ሱፍ የለበሰ፣ ጠርዙ በነጭ ፀጉር የተዘመዘመ፣ ቦርጫምና ጺማም ሽማግሌ በአንዳንድ ሱቆች በር ላይ፣ ከዚያም በላይ በየስልኩ በሚላከው የመልካም ገና ሥዕል ላይ ቆሞ የምናየው። በዙሪያውም በረዶ ነው ተብሎ ጥጥ ይበተንለታል። ሕፃናቱ ስሙን ያውቁታል፤ የገና አባት ይሉታል። ከየት እንደ መጣ ቢጠየቁ ግን ከፈረንጅ አገር ከማለት በቀር መልስ የላቸውም።

የዚህ ሰው መነሻ ግን ፈረንጅ አገር አይደለም። ስሙም በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ይገኛል። በስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ከሚታሰቡት ቅዱሳን አንዱ፣ ከሠለስቱ ምዕት ጋር የሚቆጠረው የሙራው ኤጲስ ቆጶስ ኒቆላዎስ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያ ጳጳስ እንዴት ያንን ቀይ ካፖርት ሊለብስ እንደ ቻለ በአጭሩ እንተርካለን። የውጭውን ታሪክ ዓመተ ምሕረት የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ኒቆላዎስ የተወለደው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በደቡብ ባሕር ዳርቻ ባለችው በሉቅያ፣ ጳጥራ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። የሐዋርያት ሥራን በሚገባ ያነበበ ጳጥራንም ሙራንም ያስታውሳቸዋል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በጳጥራ በኩል አልፏል፣ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድም በሙራ መርከብ ለውጧል። እንግዲህ የኒቆላዎስ አገር የመርከበኞች አገር ነበረ። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ፤ በወረርሽኝ ሞቱና ሀብታቸው ሁሉ በወጣቱ እጅ ቀረ። የወላጆቹ ስም በአንዳንድ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ያ ስም የተወሰደው ከሌላ ኒቆላዎስ፣ ማለትም በዚያው አገር በጽዮን ገዳም አበምኔት ከነበረውና በ564 ካረፈው ሰው ገድል ነው። የሁለቱ ገድል በጊዜ ብዛት ተቀላቅሏል። በኒቆላዎስ በራሱ ዘመን ስለ እርሱ የተጻፈና እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም፤ ሰፊው ገድሉ የተጻፈው ከዕረፍቱ 500 ዓመት ያህል ቆይቶ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህን የምንለው እምነት ለማጉደል ሳይሆን፣ የሰውዬው መልክ መለዋወጥ የጀመረው ገና ከጥንቱ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከገድሉ ሁሉ የታወቀው የሦስቱ ደናግል ታሪክ ነው፤ እኛም በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። በከተማይቱ አንድ ቀድሞ ባለጸጋ የነበረ ሰው ነበር። ሀብቱ ጠፍቶ፣ ሦስት ለአካለ መጠን የደረሱ ሴቶች ልጆች ይዞ ባዶ ቤት ቀረ። በዚያ አገር ልማድ እንደ እኛ ጥሎሽ የሚሰጠው የወንዱ ወገን አልነበረም፤ ሴቲቱ ነበረች ሀብት ይዛ የምትገባው። ሀብት የሌላት ልጅ ባል የላትም። አባትየውም በመጨረሻ ልጆቹን በኃጢአት ቤት አስቀምጦ በእነርሱ ገላ እንጀራ ለመብላት አሰበ። ኒቆላዎስ ይህን ሰማ። ቀን ቤቱ ሄዶ ገንዘቡን መስጠት ይችል ነበር፤ ግን ያ ሰው ትናንት ባለጸጋ ስለ ነበረ በአደባባይ ምጽዋት ተቀባይ መሆን ከረኀቡ ይልቅ ይገድለው እንደ ነበር ተረዳ። ስለዚህ በሌሊት ሄዶ ወርቅ የቋጠረበትን ከረጢት በመስኮት ወርውሮ ተመለሰ። በግብፃውያን ስንክሳር እንደ ተጻፈው ወርቁ 100 ዲናር ነበር። በዚያ ወርቅ የመጀመሪያይቱ ልጅ ተዳረች። እንደገና መጥቶ ለሁለተኛይቱ ወረወረ፤ እርስዋም ተዳረች። በሦስተኛው ሌሊት ግን አባትየው ሳይተኛ ጠበቀና ከረጢቱ ወደ ቤት ሲወድቅ ሮጦ ወጥቶ ያዘው። እግሩ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ኒቆላዎስ አንድ ነገር ብቻ አስማለው፤ ይኸውም እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ለማንም እንዳይናገር ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለይፋት ልጆች ሩቅ አይደለም። ከየቀበሌው ስንት እኅቶቻችን፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ በደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር እንደ ተጓዙ እናውቃለን። አንዳንድዋ ዕድሜዋ በወረቀት ላይ ጨምሮላት፣ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ፣ የአባቷን ብድር ልትከፍል ሄዳለች። አባትየው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በሬው ሞቶበት ወይም ዝናቡ ቀርቶበት ነው። የጳጥራው አባት ያደረገውን ስናነብ ቶሎ የምንፈርድ ሰዎች ካለን፣ ፍርዳችንን ጥቂት ብናዘገየው መልካም ነው። ኒቆላዎስም በሰውዬው ላይ የተናገረው ተግሣጽ በታሪኩ ውስጥ አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሙራ ሄደ። የከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ ባረፈ ጊዜ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ በማለዳ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባውንና ስሙ ኒቆላዎስ የሆነውን ሰው እንዲሾሙ በራእይ ተነግሯቸው በዚህ ሁኔታ እንደ ሾሙት ገድሉ ይተርካል። ዘመኑ ግን የሹመት ደስታ ዘመን አልነበረም። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ከብዙ ክርስቲያኖች ጋር ታስሮ ተሠቃየ፤ የወጣው በቆስጠንጢኖስ ዘመን ሰላም ሲሆን ነው። በ325 በኒቅያ በተሰበሰቡት አባቶች ዝርዝር ውስጥ በአንዳንዶቹ መዛግብት ስሙ ይገኛል፣ በሌሎቹ አይገኝም። በጉባኤው አርዮስን በጥፊ መታው የሚለው፣ ወጣቶች ሁሉ ደስ እያለን የምንቀባበለው ታሪክ ደግሞ ከጉባኤው 1000 ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው። የሚጥም ታሪክ ስለሆነ ብናዝንም፣ ነገሩ ይህ ነው።

ስለ እርሱ ከተጻፉት ታሪኮች ጥንታዊ ነው የሚባለው የሦስቱ የጦር አለቆች ታሪክ ነው። የአገሩ ገዥ ጉቦ ተቀብሎ ሦስት ንጹሐን ሰዎችን በሰይፍ እንዲቀጡ ፈርዶ ነበር። ኒቆላዎስ ሰይፉ ከተመዘዘ በኋላ ደርሶ ከገዳዩ እጅ ነጠቀና ሰዎቹን አዳነ። ይህን ያዩ ሦስት የጦር አለቆች በኋላ በቁስጥንጥንያ እነርሱም በሐሰት ተከሰው ለሞት ሲታሰሩ የእርሱን ስም ጠሩ። እርሱም በሩቅ ሳለ ለንጉሡ በሕልም ተገልጦ አስፈታቸው ይላል። በሌላ ጊዜ ደግሞ በአገሩ ረኀብ በገባ ጊዜ ከእስክንድርያ ወደ ንጉሡ ከተማ እህል ጭነው የሚያልፉ መርከቦችን አስቁሞ፣ ከእያንዳንዱ መርከብ 100 መስፈሪያ ለድሆች እንዲያወርዱ ለመነ። መርከበኞቹ እህሉ ተለክቶ የተጫነ ስለሆነ ቢፈሩም፣ እሺ ብለው አወረዱ፤ በደረሱበትም ሲለካ አንድ ስንዴ አልጎደለም። የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ትዝ የሚላቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያልፍ የእህል መኪና መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉና ይህን ክፍል ቢያስተምሩን ደስ ይለናል።

ያረፈው በ343 ዲሴምበር 6 ቀን ነው ይባላል። በጥንቱ አቆጣጠር ያ ዕለት ታኅሣሥ 10 ስለሆነ፣ እኛና ግብፃውያን በዚያው ቀን እናስበዋለን። ከዲሴምበር 6 እስከ 25 ያለው 19 ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ 10 እስከ 29 ያለውም 19 ቀን ነው። ዕለቱ የሚውለው ኅዳር 15 ቀን በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ገድሉ ደግሞ ሕፃን ሳለ እንኳ ረቡዕና ዓርብ እስከ ማታ ጡት አይጠባም ነበር ይላል። ይህን ጾመኛ ሕፃን ከዚያ ቦርጫም ሽማግሌ ጋር ማስተያየት ነው እንግዲህ የቀረን።

መልኩ እንዴት ተለወጠ? በመጀመሪያ የወሰዱት መርከበኞች ናቸው። በባሕር ማዕበል ስሙን እየጠሩ ይድኑ ስለ ነበር ዝናውን ከወደብ ወደ ወደብ አደረሱት። በ1071 ቱርኮች ግሪኮችን ድል ነሥተው በትንሿ እስያ ሲስፋፉ፣ ባሪ ከተባለች የኢጣልያ ከተማ የተነሡ መርከበኞች ሙራ ደርሰው መቃብሩን ሰብረው ዐፅሙን ጭነው ሄዱ፤ በ1087 ሜይ 9 ቀን ባሪ ገቡ። ስርቆት ነው የሚሉ አሉ፤ ማዳን ነው የሚሉም አሉ። የቬኒስ ሰዎች ደግሞ ጥቂት ዘግይተው መጥተው የቀረውን ስብርባሪ ለቃቀሙ። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ አውሮፓ ስሙ ያልተጠራበት ወደብ የለም ለማለት ይቻላል።

አዲስ አገር በገባ ቁጥር ታሪኩም አዲስ ነገር ጨመረ። መስኮቱ የጭስ መውጫ ሆነ፤ ወርቁም እሳት ዳር ሊደርቅ በተሰቀለ ካልሲ ወይም በጫማ ውስጥ ወደቀ። በሥዕል የሚይዛቸው ሦስት የወርቅ ድቡልቡሎች ከጊዜ በኋላ በመያዣ ገንዘብ የሚያበድሩ ነጋዴዎች ምልክት ሆኑ፤ ይህ መቼም አባትየውን ካስጨነቀው ብድር ጋር ሲታሰብ የሚያስገርም ነው። በፈረንሳይ ደግሞ አንድ ሥጋ ሻጭ አርዶ በጨው በርሜል የነከራቸውን ሦስት ሕፃናት አስነሣ የሚል ታሪክ ተወለደ። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ በግንብ ውስጥ ታስረው የተሣሉትን ሦስቱን የጦር አለቆች ሥዕሉን ያዩ ሰዎች በበርሜል ውስጥ ያሉ ሕፃናት መስለዋቸው ነው። በዚህም ሆነ በዚያ ኒቆላዎስ የሕፃናት አባት ሆነ፤ በበዓሉ ዋዜማ ለልጆች ስጦታ መስጠትም ልማድ ሆነ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሉተራውያን የቅዱሳንን በዓል ሲሽሩ፣ ስጦታው ከእርሱ ተወስዶ ለሕፃኑ ክርስቶስ ልደት እንዲሆን ተደረገ። የሆላንድ ሰዎች ግን ሃይማኖታቸውን ለውጠው ኒቆላዎስን አልለቀቁም። ሲንተርክላስ ብለው ጠሩት፤ እስከ ዛሬም በዲሴምበር 5 ምሽት የጵጵስና ልብስ ለብሶ በነጭ ፈረስ ይመጣል። ከ1850 ጀምሮ ደግሞ በመጽሐፍ ሥዕል አንድ ጥቁር አገልጋይ ተጨመረለት፤ ነጮቹ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ከንፈራቸውን አቅልተው አገልጋዩን ይመስሉ ጀመር። በዚያ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ይህን ቆመው ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያስቸግርም። ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ባለፉት ዓመታት ብዙ ከተሞች ይህን ልማድ ትተውታል።

ሲንተርክላስ በአሜሪካ ሳንታ ክሎስ ሆነ። በ1809 ዋሽንግተን ኧርቪንግ የተባለ ደራሲ ስለ ኒው ዮርክ ጥንታዊ የሆላንድ ሰፋሪዎች በጻፈው የቀልድ ታሪክ ውስጥ ቅዱሱን በዛፎች ላይ እየበረረ የሚሄድ አደረገው። በ1823 በአንድ የጠቅላይ ግዛት ጋዜጣ የጸሐፊው ስም ሳይገለጥ በወጣና በኋላ ለክሌመንት ሙር በተሰጠ ግጥም ደግሞ የበዓሉ ቀን ወደ ገና ዋዜማ ተዛወረ፤ ስምንት አጋዘኖች ተጠመዱለት፤ ቁመቱም አጥሮ በጭስ መውጫ የሚሾልክ ድንክ ሆነ። መስቀሉና የጵጵስና ልብሱ በዚህ ጊዜ ጠፉ። በ1863 በእርስ በርስ ጦርነታቸው መካከል ቶማስ ናስት የተባለ ሠዓሊ የአሜሪካን ባንዲራ ኮከብና መስመር አልብሶ በጦር ሠፈር ለወታደሮች ስጦታ ሲያድል ሣለው። ቅዱሱ የአንድ ወገን ዘማች ሆነ ማለት ነው! ናስት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እየደጋገመ ሲሥለው ቦርጩም፣ በሰሜን ዋልታ ያለው ቤቱም ጸና።

ብዙ ጊዜ ቀዩን ልብስ ያለበሰው ኮካ ኮላ ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ ልክ አይደለም፤ ቀይ ለብሶ ከዚያ በፊትም ተሥሏል። ኩባንያው ያደረገው ከ1931 ጀምሮ ሃደን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ቀጥሮ እስከ 1964 ድረስ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ሳቅ አሥሎ በመላው ዓለም መበተን ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ እያየ የሣለው ጡረታ የወጣ ጎረቤቱን ነበር፤ ጎረቤቱ ሲሞት በመስተዋት የራሱን ፊት እያየ ቀጠለ። በሱቆቻችን በር የምናየው ፊት እንግዲህ የኒቆላዎስ ሳይሆን የእነዚህ የሁለት አሜሪካውያን ፊት ዝርያ ነው። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያዩት ሌላ ነው፤ እዚያ የውርጭ አያት የሚባለው ሽማግሌ ከገና ተነጥሎ ለአዲስ ዓመት ስጦታ ይሰጥ ነበር።

በእኛ አገር ገና ስጦታ ሰጪ ሽማግሌ አልነበረውም። ገና ሲመጣ የሚታወቀው ከጾሙ በኋላ ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚራወጡበት የገና ጨዋታው ነው። ልጆች ከየቤቱ የሚሰጣቸው በነሐሴ በቡሄ ነው፤ እርሱም ሙልሙል ዳቦ ነው፣ የሚያገኙትም ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ ሁሉም በአንድነት ስለሆነ ከመካከላቸው ድሀው ማን እንደሆነ አይለይም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ገና ዝግጅት ሲመከር ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱ ወገን ከመካከላችን አንዱ ቀዩን ልብስ ለብሶ ለተቸገሩ ልጆች ደብተርና ልብስ በመድረክ ላይ ይስጥ አለ። ሌላው ወገን ይህ የባዕድ ጣዖት ነውና ስሙም አይነሣ አለ። ጉዳዩ ሳይወሰን ቀርቶ ዘንድሮም ተነሥቷል። እኛ ሁለቱም ወገኖች ስለ ሰውዬው ሳያውቁ የተከራከሩ ይመስለናል። ስሙ አይነሣ የሚሉት በስንክሳር የሚነበብ ስም እየከለከሉ ነው። ይምጣ የሚሉት ደግሞ የአንድ ድሀ ልጅ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ በጓደኞቹ ፊት ደብተር ሲቀበል በስልክ ፎቶ ሊነሣ መሆኑን አላሰቡም። ያ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ደብተሩስ ይሰጥ፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ 10 በፊት ተገዝቶ፣ በምሽት በእናቲቱ እጅ ይግባ እንላለን። ለዚህ ቀይ ልብስ አያስፈልግም፤ የልብሱ መግዣ ራሱ ለጥቂት ልጆች ደብተር ይሆናል።

ለመሆኑ እውነተኛው መልኩ ምን ይመስል ነበር? በ1950ዎቹ የባሪው መቃብር ለእድሳት በተከፈተ ጊዜ አንድ የሕክምና መምህር ዐፅሙን ለክተው ነበር። ዕድሜው የገፋ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ70 የማይበልጥ ሰው ነው። በ2004 በእንግሊዝ አገር ባለሙያዎች በዚያ ልኬት ተመርተው ፊቱን በኮምፒውተር ሲሠሩ፣ አፍንጫው ክፉኛ ተሰብሮ ጠምሞ የዳነ ሆኖ ተገኘ። በእስር ቤት ይሁን በሌላ፣ ዐፅሙ አይናገርም።

ሙራ ዛሬ ደምሬ ትባላለች። ቤተ ክርስቲያኑ በጎርፍ ደለል ተቀብሮ ቆይቶ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ውስጡ የተሰበረ የድንጋይ መቃብር አለ። በ2000 ሩሲያውያን የቅዱሱን የነሐስ ሐውልት ለከተማይቱ ሰጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቆሞ ነበር። በ2005 ግን የከተማይቱ ከንቲባ ጎብኚው ሁሉ የሚያውቀው ሌላው ነው ብለው ሐውልቱን አስነሡና በቦታው ቀይ ካፖርት የለበሰ የፕላስቲክ ሳንታ ክሎስ አቆሙ። ሩሲያውያን አጥብቀው ተቃወሙ። ፕላስቲኩም በኋላ ተነሥቶ በምትኩ ሌላ ምስል ቆመ። የነሐሱ ኒቆላዎስ ከነበረበት ከፍተኛ መቆሚያ ወርዶ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በአንድ ጥግ እንዲቆም ተደረገ።